በቀኙ አፈሙዝ ውስጥ ስለ ቀረው ሰም

የምስክር ስም፦ መምህር ፍቅረ ሥላሴ አዳሙ
ዕድሜ፦ 68
ሥራ፦ ቀድሞ የቅኔ መምህር፤ በእርጅና ምክንያት ማስተማር ያቆሙ
አድራሻ፦ አምበር
ቀንና ቦታ፦ ሰኔ 9 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ከጧቱ 3 ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ
ቃሉን የተቀበለው፦ የፖሊስ ጸሐፊ አካለ ወልድ ታረቀ

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፤ የእንዳላማውን ባለ ሁለት አፈሙዝ የርሽ ጠመንጃ የደፈንሁት እኔ ነኝ። በዚህ ነገር የታሰረው ታረቀኝ ዕቃውን ከማድረስ በቀር እጁን አላስገባበትም።

እንዳላማው ከእኔ ዘንድ ቅኔ የተማረ፣ ኋላም በጣሊያን ላይ የሸፈተ አርበኛ ነው። በሰኔ 1930 ዓ.ም. ጥይት ስላለቀበት ክረምቱ እስኪወጣ ጠመንጃውን አደራ ሰጠኝ። ከመደበቄ በፊት በሚገባ አጸዳሁት። አፈሙዞቹን ከሰደፉ ለይቼ የባሩዱ ጥላሸት እስኪለቅ በፈላ ውኃ አጠብሁ። በዘንግ ጫፍ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ እየቀያየርሁ ወለወልሁ። ወደ ፀሐይ አዙሬ በውስጡ ተመለከትሁ፤ ዝገት አላየሁም። የኑግ ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ስለሚይዝ ጨው ያልነካው የበግ ሞራ አቅልጬ በስሱ ቀባሁ። እርጥበት እንዳይገባም ሁለቱን አፈሙዞች፣ ከአፋቸው አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ አልፌ፣ በሰም ደፈንሁ። እስከዚህ ድረስ በሥራው ስሕተት አልነበረም። ከመተኮስ በፊት ግን ሰሙ መውጣት አለበት፤ አለዚያ አፈሙዙ ይፈነዳል።

መስከረም 18 ቀን 1931 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ታረቀኝ ከእንዳላማው ተልኮ መጣ። ታረቀኝ ለጣሊያን በቅሎ ይነዳ ነበር፤ በዚያው አሳቦ ለአርበኞች ዕቃ ያመላልሳል። ጠመንጃውን በሣር ሸክም ውስጥ ከደበቀ በኋላ፣ ስለ መሣሪያው የሚነገር ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። እኔም «ሰሙን ሳይፈታ ወርቁን እንዳይመኝ በለው» አልሁት። ሳቀና፣ «የኔታ፣ እኔ ቅኔ አልቆጠርሁም፤ እንደ በቅሎዬ የተጫነብኝን አደርሳለሁ» አለኝ። ቃሉን ሦስት ጊዜ አስደግሜ ሰደድሁት።

እንዲህ የተናገርሁት ምስጢር ለመጠበቅ ነው እያልሁ ራሴን እያታለልሁ ኖሬአለሁ። ጠመንጃውን ራሱን ከተሸከመ ሰው የሚደበቅ ምን ነበረ? ቃሉ ስለ ጣፈጠኝና ተማሪዬ እንዲያደንቀኝ ስለ ፈለግሁ ነው።

እንዳላማው «ወርቅ» ያልሁትን ጣሊያን እጃቸውን ለሚሰጡ አርበኞች የሚከፍለው ገንዘብ ነው ብሎ ተረጎመው። «የኔታም ይጠረጥሩኛል?» ብሎ ማዘኑን ኋላ ሰምቻለሁ። ሰሙን አልፎ ወርቁን እንዲፈልግ ያስተማርሁት እኔው ነኝ፤ በዚያ ቀን ግን ሰም ያልሁት የንቡን ሰም፣ ወርቅ ያልሁትም ተኩሱን ነበር።

መስከረም 21 ቀን ደምበጫ አጠገብ ሲተኩስ የግራው አፈሙዝ ፈነዳ። ግራ ዓይኑንና የግራ እጁን ሦስት ጣቶች አጣ። ታረቀኝ ከጣሊያን ተማክሮ ያበላሸው ነው ተባለ። ወሬው በሳምንቱ ደረሰኝ፤ ምክንያቱንም ያን ጊዜውኑ ዐወቅሁ። ተማሪዎቼ እንዳይስቁብኝ ፈርቼ ከሁለት ዓመት ከስምንት ወር በላይ ዝም አልሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰው ታረቀኝን ባንዳ ሲለው እየሰማሁ አልፌአለሁ፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላም በዚሁ ነገር ታሰረ።

ትናንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሚስቱ ሥራነሽ ከቤቴ መጣች። የፊታችን ዐርብ እንደሚፈረድበትና ሞት እንዳይፈረድበት እንደምትፈራ ነገረችኝ። «የኔታ፣ የላኩበትን ቃል እስር ቤት ሆኖ ዛሬም ይደግመዋል። እስቲ ፍቺውን ለእኔ ይንገሩኝ» አለች። ፈታሁላት። አልተቆጣችም፤ «ይኸው ብቻ ነበር?» ብላኝ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ሌሊቱን የምናገረውን ስጽፍ አድሬ ዛሬ ራሴ መጣሁ፤ የጠራኝ የለም።

ጠመንጃው በዚህ ጣቢያ እንዳለ ተነግሮኛል። የቀኙ አፈሙዝ አልተተኮሰም። ቃሌ እንዲሁ እንዳይታመን፣ ዘንግ ገብቶበት ይታይ፤ ከአፉ አንድ ጣት ገባ ብሎ ሰሙ ይገኛል። ጠመንጃው በእኔ እጅ እንደ ከረመም እንዳላማው ያውቃል፤ ይህ ቃል እርሱ ባለበት ይነበብለት።

የተጻፈው ተነቦልኝ ከተናገርሁት ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጫለሁ። እውነት ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት እቀጣበታለሁ። የሚገባኝን ቅጣትም አልሸሽም። ዐርብ ሳይደርስ ስለ ታረቀኝ የወሰናችሁትን እንድትነግሩኝ እለምናለሁ። ሥራነሽም እኔም ከጣቢያው በር ላይ እንጠብቃለን፤ መልሱን ቶሎ ስጡን።

የምስክሩ ፊርማ፦ ፍቅረ ሥላሴ አዳሙ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ አካለ ወልድ ታረቀ