መንዙማ ጫንልኝ ነው ያልኩህ

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ኡዘይር? የትኛው ኡዘይር? …

ሙሚና የትኛው እንደሆነ ገና ድምፁን ስትሰማ አውቃዋለች። አራዳ ላይ፣ ከጨርቅ ሱቋ ማዶ፣ በሜሞሪ ዘፈንና መንዙማ የሚጭነው ኡዘይር ነው። ሱቁን ዘግቶ፣ ስልኩን አጥፍቶ ሳምንቱን ሙሉ ጠፍቶባት ነበር። አሁን ደወለ ብላ እንዲህ በቀላሉ ልትቀበለው? ኧረ ወዲያ! ስሙን ከነሥራው ከራሱ አፍ መስማት አማራት።

— አሃ! የሜሞሪው ኡዘይር! ከየት ተገኘህ በል? … አሞህ? አላህ ያሽርህ። እኛም ቤት የታመመ አለ፣ ሰምተሃል? … አልሰማሁም እንዳትለኝ! ጎንደር በሙሉ ሲሰማ አንተ ብቻ ቀረህ?

— … እትዬ እትዬ አትበለኝ! ዛሬ እትዬ የለም። ያስሚን ከቤት ካልወጣች ሳምንቷ ነው፣ ትሰማኛለህ? እህል አልቀምስም ብላለች። የእህቴ ልጅ፣ የሂናዋ ቀን፣ በር ተዘግቶ፣ ወንድ የተባለ ድርሽ ሳይል፣ ሂጃቧን አውልቃ በጨፈረችው ጭፈራ የማንም መሳቂያ ሆነች! … እጮኛዋ ሱሀይብማ ይወዳታል፣ ምን ያድርግ? አባቱ ናቸው እንጂ። ሐጂ ኸሊል «ቪዲዮውን ፌስቡክ ላይ ያወጣችው ራሷ ናት፣ እንዲህ ያለች ልጅ ቤቴ አትገባም» ብለው ኒካሁን አቆሙት።

— … አዎ፣ በእጄ ነው የሰጠሁህ! ማን ካደ? «ኡዘይር፣ መንዙማ ጫንልኝ፣ ሱቅ ስውል እሰማለሁ» ብዬ ሜሞሪውን ነቅዬ ሰጠሁህ። ስልኩን አስቀረሁት። የሂናዋ ቀን የቀረጽኩት ቪዲዮ ስልኩ ውስጥ የቀረ መስሎኝ ነዋ! … ምን ያስቅሃል?

ስልኩን ከጆሮዋ ነጥላ አጠገቧ ወደቆመችው ወደ ፈህሚያ ዞረች። ፈህሚያ የያስሚን ታናሽ እህት ናት፣ ሱቁን አብራት የምትጠብቅ።

— ይስቃል እኮ! ይስቃል ይሄ!

— … እሺ፣ አላወቅሁም። ቪዲዮ ሜሞሪው ላይ እንደሚቀመጥ አላወቅሁም፣ እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው። ታዲያ አለማወቄ ላንተ ፈቃድ ሆነህ? ሰው ኮቱን ለሰፊ ሲሰጥ ኪሱ ውስጥ የሚስቱን ፎቶ ቢረሳ፣ ሰፊው አባዝቶ ይሸጠዋል? በል ንገረኛ!

— … ቆይ፣ ቀስ በል። እንዴት አድርጎ ነው ኮምፒውተርህ ውስጥ የገባው? … ምን? የመጣልህን ሜሞሪ ሁሉ? ያለበትን በሙሉ ኮፒ ታደርጋለህ? … አዲስ ዘፈን ይኖርበት ይሆናል ብለህ! … «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው»! ሁሉም እንዲህ ከሆነማ ጉድ ፈላ! የስንቱ ቤት ጓዳ ነው አንተ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው?

ፈህሚያ አላስችል አላት። ስልኳን አውጥታ ድምፅ መቅጃውን ከፈተችና አክስቷ ፊት ደቀነችው። በሌላ እጇ የሙሚናን ስልክ እያመለከተች፣ ስፒከር ላይ አድርጊው ትላለች። ቃሉን ለሐጂ ኸሊል ልታሰማ ነው። ሙሚና በክርኗ ገፋ አደረገቻት።

— ቆይ አንቺ! … አይ፣ ላንተ አይደለም። በል፣ ለማን ለማን ሰጠኸው? … ለአንድ ተማሪ ብቻ? ፌስቡክ ላይ የለቀቀውም እሱ ነው? ሌላ ማንም ጋ የለም? … ወላሂ? ወላሂ ትላለህ?

ይሄኔ አያ አዳሙ ከአግዳሚው ብድግ አሉ። የኮሶዬ ገበሬ ናቸው፣ ለባለቤታቸው የቀሚስ ጨርቅ ሊገዙ ገብተው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ከካፖርታቸው ኪስ ትንሽ ስልክ አውጥተው ለሙሚና ዘረጉላት።

— ምነው አያ አዳሙ? … እርስዎም እሱ ጋ ነው ያስጫኑት? … ፈህሚያ፣ እስቲ እይላቸው።

ፈህሚያ ነካ ነካ አድርጋ ቀጥ አለች። ከማሲንቆው ዘፈን ቀጥሎ ያስሚን ነበረች፣ እጇ ሂና፣ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ፣ እየሳቀች። አያ አዳሙ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ስልኩ ከመጣ ጀምሮ ዘፈኑን እንጂ ሌላ ነገር ከፍተው አያውቁም። ያፈሩት ግን ራሳቸው የሰረቁት ያህል ነው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው በእጃቸው አጥፉልኝ፣ አጥፉልኝ ይላሉ።

— ሄሎ! አለህ? … ወላሂህን መልሰህ ውሰዳት! ኮሶዬ ደርሷል! … አዎ ኮሶዬ! እኔ ሱቅ ውስጥ፣ የአንድ ሽማግሌ ስልክ ላይ ተቀምጧል! «የጎንደር አዲስ ጭፈራ» ብለህ ስም አውጥተህለታል! ልጅቷን ከዘፈን ጋር ደርድረህ ነው የሸጥካት! አንተ እህት የለህም? አታፍርም?

— … «ከፌስቡኩ ጠፍቷል»! እሰይ፣ ተገላገልን! ከደባርቅ ሰው ስልክ ማን ያጥፋው? ከዳባቱስ? ተቀዶ የተሸጠ ጨርቅ ነው እኮ፣ ጣቃውን ብትደብቀው ምን ዋጋ አለው?

— … የነጻ መንዙማህን ያዝ! ምንህንም አልፈልግም። የጫንክላቸውን እየፈለግህ ታስጠፋለህ፣ ያ የማይቀር ነው። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ ሐጂ ኸሊል ቤት ትመጣለህ። «ያስሚን አላወጣችውም፣ ከሜሞሪ ወስጄ የበተንኩት እኔ ነኝ» ትላለህ። … እኔማ ነገርኳቸው! «አክስት ነሽ፣ ትሸፍኝላታለሽ» አሉኝ። ካንተ አፍ ካልሆነ አያምኑም።

— … ስሜ ይጠፋል? ደንበኛ ይሸሸኛል? … ወይ ጉድ! አንተ ስም አለህ፣ እሷ የላትም?

— … ምን አልክ? … ድምፅህን አውጣ፣ አልሰማሁህም … እየቀዳሁህ እንደሆነ?

የፈህሚያ ስልክ አሁንም እዚያው ተደቅኗል፣ ዓይኗ ይለምናል። አንድ ጊዜ ቢነካ ሐጂ ኸሊል የሰውየውን ቃል በጆሯቸው ሰምተው፣ ኒካሁ ተመልሶ፣ ያስሚን ዛሬውኑ እህል ትቀምሳለች። ሙሚና ስልኩን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ከልጅቷ እጅ ወሰደችና ሰማያዊው ጨርቅ ላይ በፊቱ ደፋችው።

— አልቀዳሁህም። … ወላሂ አልቀዳሁህም። መቅዳትማ እችል ነበር። … አልፈለግሁማ! ሳትፈቅድልኝ ድምፅህን ይዤ በሰው ቤት ብዞር ካንተ በምን ልሻል? … ደነገጥክ አይደል? ማን እጅ ገባሁ፣ ማን ሰማኝ ብለህ ላብ አጠመቀህ አይደል? ላንተ ገና አሁን መጀመሩ ነው። ያስሚን ሳምንቱን ሙሉ እንደዚህ ናት።

— … ሄሎ? … አለህ? … ታለቅሳለህ እንዴ?

ተንፈስ አለች። ድምፁ እስኪመለስለት በዓይኗ ፈህሚያን ጠራቻት።

— የአያ አዳሙን አጥፊላቸው። ዘፈናቸውን ግን እንዳትነኪባቸው።

— … እ? … አይ፣ እኔ አልናገርልህም። አንተው ራስህ፣ በገዛ አፍህ። … እናትህን ይዘህ ና፣ ምን ከፋ። … እሺ። ከአስር በኋላ። …

— … ያስሚን? አዎ፣ እሷም ትኖራለች። … አቀርቅረህ ተናገር። እሷን እንደሆነ አይተሃታል።

ዘጋችበት።