«በራሴ ጥያቄ» የሚለው ወረቀት

ሰው ሲሟገት እየሰሙ እንዳልሰሙ መሆን አይሆንልኝም። በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ሃያ ዓመት የሰው ስህተት ስለቅም ኖሬያለሁና፣ ጠማማ ነገር ስሰማ ምላሴን ይበላኛል። ባለፈው ሰኞ በምሳ ሰዓት ዝናብ አባርሮ ከማተሚያ ቤታችን ፊት ለፊት ካለው የአውቶቡስ መጠለያ ቢያስገባኝ፣ ሁለት ሴቶች ሲከራከሩ ደረስኩ። ወጣቷ የእኛው ቤት መጽሐፍ ጠራዥ ናት። ትልቋ ያሳደጓት አክስቷ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጥረዛ ክፍሉ ኃላፊ ልጅቱን ከኋላዋ እየቆመ ሲነካካትና የብልግና ቃል ሲናገራት ስድስት ወር ከረመ። በመጨረሻ ለአስተዳደር ከሰሰችው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከጠረጴዛዋ አስነስተው ብቻዋን ወረቀት መጋዘን አስገቧት። አሁን ደግሞ «የተዛወርኩት በራሴ ጥያቄ ነው» የሚል ወረቀት ሰጥተው፣ ከሰዓት በኋላ ፈርመሽ አምጪ ብለዋታል።

«ፈርሚና ይለፍልሽ፣ ልጄ» አሉ አክስት። «ክፉ ቀን ጎንበስ ብለው ነው የሚያሳልፉት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።»

«ዝንቡማ ዝም ስል ነው የገባው፣ እትዬ። ስድስት ወር ሙሉ ዝም ብዬ አይተውታል።»

«ታዲያ አሁን ከሰውየው ራቅሽ አይደል? ምን ቀረብሽ?»

ልጅቱ በእጇ የያዘችውን ወረቀት አየት አደረገች።

«ጠረጴዛው ቀረብኝ» አለች። «ስምንት ሆነን ወረቀት ስናጥፍ፣ ጥሩ ገጽ የደረሳት ጮክ ብላ ታነብልናለች። የስንቱን መጽሐፍ መሃሉን ብቻ እናውቃለን፤ መጨረሻውን እየገመትን እንጨቃጨቃለን። መጋዘን ውስጥ ያለው ወረቀት ሁሉ ባዶ ነው። ሳቃቸው በግድግዳው በኩል ይመጣል፣ የሚያነቡት ግን አይለይም። ናፈቁኝ፣ እትዬ። አጥፊው እሱ ሆኖ ከቦታዬ የተነሳሁት እኔ ነኝ።»

እኔም ደነገጥኩ። በዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ሳልፍ እርምጃዬን የማዘገየው ንባባቸውን ለመስማት ነበር። አንድ ድምፅ መጉደሉን አውቄ፣ ለምን ጎደለ ብዬ አልጠየቅሁም። አፈርኩ።

«ብትከራከሪያቸው ቢያባርሩሽስ?» አሉ አክስት።

«የቤቱ ደንብ ከሳሽን መበቀል ይከለክላል። በቀል ማለት ማባረር ብቻ አይደለም፤ ያለፈቃድ ማዛወርም፣ ከሰው ማግለልም በቀል ነው። ፈቅጄ ሄድኩ ብዬ ከፈረምኩ ግን፣ በራሴ እጅ ሸፈንኩላቸው።»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እናቴ» አልኩ። «በእኛ ሥራ አራሚው ‹ይታተም› ብሎ ከፈረመ በኋላ ስህተቱ የጸሐፊው አይባልም። የፈራሚው ነው።»

አክስት ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አዞሩ።

«እኔ ፈርሜያለሁ» አሉ። «የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። አለቃዬ አላስቀምጥ ሲለኝ ‹በፈቃዴ ለቅቄያለሁ› ብዬ ጽፌ ወጣሁ። ይኸው ሠላሳ ዓመት፣ የትም ቦታ ስልክ ሲጮህ እጄ ቀድሞኝ ይነሳል። እኔ ወንበር ላይ የተተካችው ልጅም ዓመት አልቆየችም። ነግሬ ቢሆን ኖሮ…»

አልጨረሱትም። ወረቀቱን ከልጅቱ እጅ ወስደው ገለበጡትና «ጀርባው ላይ ጻፊ» አሏት። ክሱን ያቀረበችበትን ቀን፣ የተነሳችበትን ቀን፣ ማን እንዳዘዛትና ማን እንዳየ፣ ሁሉንም አስጻፏት። እኔም ድምፅዋ ከጠረጴዛው መጉደሉን መስክሬ ፈረምኩ። ለአስተዳደር ስናስረክብ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመታን፤ ማኅተም የሌለው አቤቱታ መጥፋት ይወዳልና።

ማጣራቱ ሁለት ወር ፈጀ። ኃላፊው ከክፍሉ ተነሳ፤ ልጅቱ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። በማስታወቂያ ሰሌዳውም ከሳሽ ካልጠየቀች እንደማትዛወር፣ መራቅ ያለበት ተከሳሹ መሆኑን የሚገልጽ ደንብ ወጣ። ያን ያነበቡ ሌሎች ሁለት ሴቶች የራሳቸውን አቤቱታ ይዘው መጡ። አቤት ያለ ሰው ከለላ ሲያገኝ አጥፊ ይፈራል፣ ሠራተኛም ልቡን ሥራው ላይ ይጥላል። ይህን ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም።

ልጅቱ በተመለሰች ዕለት አክስቷ እስከ በሩ ሸኝተዋት ነበር። ከውስጥ የንባቡ ድምፅ እስኪጀመር ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አራሚው፣ ያ የድሮው ስልክ ቤት አሁን የት ገባ?»

«ከፈረሰ ቆየ፣ እናቴ። ሥራውም በማሽን ሆኗል።»

«እንግዲያው የምከስበትም ቦታ የለኝም» አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ብቻቸውን ወደ አውቶቡሱ ሄዱ።