መዝገብ ላይ ያልሰፈረው ሽብልቅ

ረፋድ ላይ፣ በስልክ፦ የኔትወርክ ባለሙያዋ ሩሐማ ከተማ ካለው ቢሮዋ፣ ትናንት ከጥበቃ ሥራቸው የተሰናበቱት ጋሽ ወንድይፍራው ደግሞ እሷ ለምናቸው ከመጡበት፣ ኮረብታው ላይ ካለው የአንቴና ጣቢያ በር።

ሩሐማ፦ በሞቴ ጋሽ ወንድይፍራው! አንዴ ገብተው መብራቱን ብቻ ይዩልኝ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ አልገባም አልኩሽ እኮ። ደብዳቤው ኪሴ ነው፣ ላንብብልሽ? «ጣቢያው ከርቀት ስለሚተዳደር ጥበቃ አያስፈልገውም። ማንኛውም ሰው ወደ መሣሪያው እንዳይጠጋ።» እኔም ማንኛውም ሰው ነኝ።

ሩሐማ፦ እሱን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ «በባለሙያዋ ጥናት መሠረት» ይላል። ባለሙያዋ ማን ናት?

ሩሐማ፦ እኔ ነኝ። ግን እርስዎን ያሰናብታሉ ብዬ አልነበረም፣ እውነቴን ነው። ልደውልልዎትም አስቤ ነበር። አፍሬ ተውኩት።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ዛሬ ሀፍረቱ ለቀቀሽ ማለት ነው?

ሩሐማ፦ ዛሬ ጨንቆኝ ነው! ጠዋት አዲስ ፈርምዌር ጫንኩበት። ያው የመሣሪያውን የውስጥ ፕሮግራም ከዚሁ ሆኜ ቀየርኩት። ራሱን አጥፍቶ ተነሳ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ጭጭ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ታዲያ ከርቀት አስተዳድሪዋ!

ሩሐማ፦ ከርቀት አልመልስ አለኝ እኮ ነው የምልዎት! አራት ሰዓት ላይ አለቃዬ አቶ ምትኬ እዚሁ ቢሮ እንግዳ ሰብስበው ሰው አልባውን ጣቢያ በስክሪን ሊያስመርቁ ነው። ሃያ ደቂቃ ቀረኝ። ካልተነሳ ሥራዬን አጣለሁ፣ በፊርማዬ ነው ኃላፊነት የወሰድኩት።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ አይዞሽ፣ ይለመዳል። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ ትናንት ነው መልመድ የጀመርኩት።

ሩሐማ፦ ይስደቡኝ፣ ይገባኛል። ግን ይግቡልኝ። ቁልፉን አስረክበዋል እንዴ?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ጓጉንቸሩን መዝገብ ላይ ፈልጎ አጣው። ለካ የገዛሁት በራሴ ነው። ከነቁልፉ ትቶልኝ ሄደ። እኔም ቤቱ ክፍት እንዳይቀር ብዬ መልሼ ቆለፍኩላችሁ።

ሩሐማ፦ እግዜር ይስጥልኝ! በቃ ይክፈቱት።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እሺ፣ ላንቺ ስል። ገባሁ። ምንም መብራት የለም። የመሣሪያው ፊሻ ከሶኬቱ ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

ሩሐማ፦ ምን? ማን ነቀለው?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ማንም። ሶኬቱ ላልቷል። ይቀየር ብዬ ሦስት ጊዜ አመለከትኩ፣ ዝም አላችሁኝ። እኔም የወይራ ሽብልቅ ጠርቤ በጎኑ ሸጎጥኩበት። አምስት ዓመት ቀጥ አድርጎ ይዞላችኋል። ጥናትሽ ውስጥ የለም?

ሩሐማ፦ አላየሁትማ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ከርቀት አይታይም።

ሩሐማ፦ እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ፈርምዌሩን ስረግም! ሽብልቁ የታለ?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ትናንት ስንረካከብ ሰውዬው «መዝገብ ላይ የሌለ ባዕድ ነገር ይውጣ» ብሎ አስነቀለኝ። ፊሻውም እስከ ዛሬ ጠዋት እንደምንም ይዞ ቆይቶ ለቀቀ። በሦስት ኮፒ ተፈራርመንበታል።

ሩሐማ፦ እና አሁን መልሰው ይሸጉጡት!

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ሻይ አፈላሁበት።

ሩሐማ፦ ወይኔ ጉዴ! ሌላ እንጨት ይፈልጉ!

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እዚህ ላይ ከድንጋይና ከአንቴና በቀር ምን አለ ብለሽ ነው?

ሩሐማ፦ እሺ፣ በእጅዎ ገፋ አድርገው ይያዙት።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ያዝኩት። ቢጫ በራ። ብልጭ ድርግም ይላል። አሁን አረንጓዴ ሆነ።

ሩሐማ፦ ተነሳልኝ! አዲሱ ፈርምዌርም በደንብ ተጭኗል! ጋሼ፣ ይኑሩልኝ! አሁን ቶሎ ይውጡ፣ የጣቢያው ካሜራም አብሮ ስለተነሳ ክፍሉን ለእንግዶቹ ያሳያል። ባዶ መሆን አለበት።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ልልቀቀው?

ሩሐማ፦ ይልቀቁት።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ለቀቅሁ።

ሩሐማ፦ ኧረ ጠፋ! ይያዙት! ይያዙት!

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ይዣለሁ፣ አትጩኺብኝ።

ሩሐማ፦ እንግዲያው ከመሣሪያው መደርደሪያ ኋላ ቁጢጥ ይበሉልኝ። እጅዎም እንዳይታይ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ የተባረርኩበትን ቤት ተደብቄ ላስመርቅ?

ሩሐማ፦ አንድ ሰዓት ብቻ ነው!

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ከዚያስ?

ሩሐማ፦ ከዚያ... እኔ እንጃ። ኧረ አቶ ምትኬ ቀድመው መጡ! ማይክ ይዘዋል፣ ስክሪኑን እያዩ ይስቃሉ። ጋሼ፣ ምን ልበላቸው?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ በጆሯቸው ንገሪያቸው። ንግግራቸው ላይ «ሰው አያስፈልግም» የሚለው ቦታ ሲደርሱ፣ እጄ ይዝላል።