ለምራታቸው ጥርስ ሊያስተክሉ የሄዱ ደግ ሴት

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለባሌም ቢሆን። አንቺ ግን አሁን የቤታችን ሰው ነሽ፤ የዋርሳዬ ሚስት እህቴ አይደለሽ? ነይ፣ ይህን አንሶላ በዚያ ጫፍ ያዥልኝ። ፀሐዩ ጎበዝ ነው፣ ቶሎ አደረቀው። ማቅለሽለሹስ ተወሽ? እሰይ። ነገ ለእርግዝና ምርመራ ስትሄጂ አማታችን አብረውሽ ሊሄዱ ነው አሉ። ታድለሽ! ሐኪም ፊት ብቻን መቀመጥ ምን ያደርጋል?

ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ሳሎን ውስጥ የአማታችን ራዲዮ ስለሚጮህ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

የምነግርሽ ስለ አንዲት አስተማሪ ነው። ስለ እኔ አይደለም... ለምን ጥርሴን ታያለሽ? ዓይናፋር ቢጤ ናት። ሰሌዳ ፊት ቆማ ስልሳ ልጅ ጸጥ ታሰኛለች፤ ቤት ስትገባ ደግሞ ራሷ ጸጥ ትላለች። ከባሏ እናት ጋር ነበር የምትኖረው። ደግ ሴት ናቸው፤ የእሳቸውን ደግነትማ... ተይው፣ አፍ አይበቃውም።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ልጆች የመቱት ኳስ መጥቶ የፊት ጥርሷን ይዞባት ሄደ። እሷ እንኳ ያን ያህል አላዘነችም፤ ያዘኑት ደግ ሴት ናቸው። የሴት ልጃቸው የወደፊት አማቾች ሊመጡ ነበራ! በር የምትከፍተው ምራት ጥርሰ ወላቃ ስትሆን ለማን ይታዘናል? ለእንግዳው ነው እንጂ! «አይዞሽ፣ እኔ አስተክልሻለሁ» አሏት። ድድ ተከፍቶ፣ አጥንት ተበስቶ፣ ብሎን የመሰለ ነገር ገብቶ፣ በላዩ ጥርስ የሚታሰረውን ዓይነት። ደግ ሰው ብዙ አይጠይቅም፤ ዛሬ ተተክሎ ነገ የሚነከስበት መስሏቸዋል። ወራት እንደሚፈጅ ማን ደፍሮ ይንገራቸው? ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ የተተከለው ደግሞ ምን ሊባል ነው... የእንጀራ ልጅ?

አስተማሪዋ ያን ጊዜ ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ሆዷ ገና አልታየም፤ ለአማቷም አፍ አውጥታ አልነገረችም፤ ታፍራለቻ። ታዲያ እሳቸው አያውቁም ነበር ብለሽ እንዳታሚያቸው። ኧረ ያውቃሉ! ክሊኒክ በሄዱበት ቀን ጠዋት ባልዲ ከእጇ ነጥቀው «ከባድ አታንሺ፣ ብቻሽን አይደለሽም» ብለዋታል። ለጎረቤትም «አያት ልሆን ነው» ካሉ ሰንብተዋል። ከዚህ በላይ የሚያስብ ሰው ታውቂያለሽ?

ክሊኒኩ ደረሱ። የጥርስ ሐኪሙ ልጅ እግር፣ ትሑት። ሰማያዊው ወንበር ላይ አስተኝቶ ይጠይቃታል። የማይስማማሽ መድኃኒት አለ? «የለም» አሉ ደግ ሴት። ስኳር፣ ደም ግፊት? «የለባትም።» ነፍሰ ጡር ነሽ?...

«ኧረ በፍጹም! ገና ሙሽራ ናት!»

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይባላል፤ እሱ ግን ለነገረኛ ነው። ለአዛኝ ሰው ሌላ ተረት ሳይኖር አይቀርም፤ ብፈልግ አጣሁት። አስተማሪዋስ? አፏን ከፍታ ተኝታለች እኮ። አፍ ከፍቶ ዝም ማለትን የሚያውቅ ያውቀዋል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ጥርስ ግን... ይሁን። እጇን ብቻ ሆዷ ላይ አሳርፋ ነበር። ያዩት አንድ እሳቸው ናቸው። አይተውም ዞር ብለው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጥርስ ሥዕል ማድነቅ ያዙ። ሥዕል ይወዳሉ።

ሐኪሙ መጀመሪያ ራጅ ትነሣ አለ። ራጅ ክፍል ደግሞ አስታማሚ አይገባም። «እኔ ካልገባሁ እኮ አትናገርም» ብለው በር ላይ ተከራከሩ... እውነታቸውን ነው። በሩ ተዘጋ። የራጅ ሠራተኛዋ ከባዱን የጨረር መከላከያ ሽርጥ እያለበሰቻት እንደገና ጠየቀቻት፦ እርጉዝ ነሽ? ያ ሁሉ መልስ ውጪ ቀርቷል። ክፍሉ ውስጥ ያለው አፍ የእሷ ብቻ ነው፤ እሱም ወላቃ። ራሷን ነቀነቀች። «በአፍሽ ንገሪኝ፣ እህቴ።»

«ነኝ» አለች።

ነገሩ በዚያው ቆመ። ሐኪሙ እዚያው ራጅ ክፍል ገብቶ ጎንበስ ብሎ «ጥርሱ የሚያጣድፍ ነገር የለውም። ቀዶ ጥገናውም መድኃኒቱም ይቆይሽ። ልጅሽን በሰላም ውለጂና ነይ፤ እስከዚያ የሚወልቅ ጥርስ እንሠራልሻለን» አላት። ለምን ቀድመሽ አልተናገርሽም አላላትም። በሩን ብቻ አየት አደረገ።

ደግ ሴት ምን ተባልሽ ቢሏት «መሣሪያው ተበላሽቷል» አለች። ለምን ዋሸችላቸው? እኔ ምን አውቄ! ብቻ ያ መሣሪያ እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይረገማል፤ «የማይረባ ቆርቆሮ!» ይባላል። ምስኪን፣ እሱስ ማን ይመልስለት?

ልጅቷማ በሰላም ተወለደች። ይችውልሽ፣ ያጣመርናቸውን ካልሲዎች እየበተነች... ማለቴ፣ የዚያች አስተማሪ ልጅም አሁን ይህን ታህል ይሆናል። አንሶላውን ሳብ አድርጊው እንጂ! ራዲዮውስ ምን ሆነ? መብራት ሄደ እንዴ?

እና ከክሊኒኩ በተመለሰች ማግስት፣ ጠዋት፣ ምን አደረገች መሰለሽ? ማንም ሳይነሣ ብቻዋን ለእርግዝና ክትትል ሄደች። ነርሷ የጠየቀቻትን ሁሉ ራሷ መለሰች፤ መጀመሪያ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ በኋላ ደህና አድርጋ። ስትመለስ ደግ ሴት ቁርስ ላይ ናቸው። ምራት አማቷን ትመርቃለች? አትመርቅም። ያን ቀን ግን ጉልበታቸውን ስማ፣ በወላቃ አፏ ፈገግ ብላ መረቀቻቸው። እሳቸውም አሜን ብለዋል፤ አንቺም አሜን በይ፦

«እግዜር ዕድሜዎን ያርዝመው። በእርጅናዎ ብቻዎን አይተውዎ። አልጋ ላይ የዋሉ ዕለት ልክ እንደ እርስዎ ያለ አዛኝ ከራስጌዎ ያስቀምጥልዎ፤ ሐኪም መጥቶ የት ላይ ያምዎታል ባለ ቁጥር፣ እርስዎ አፍዎን ሳያደክሙ፣ ኧረ ምንም አያማቸውም የሚልልዎ።»