የቦዩ ጭቃ

ታላቅ ወንድሜን በቦዩ ድልድይ ላይ ያገኘነው ሰኔ አሥራ አራት ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር። በጋሪው ጥቁር ጭቃ ሞልቶ ወደ ጓሮው ይገፋል። ከእኔ ጋር የነበረችው በላቦራቶሪ የምትሠራው ልጄ ናት።

ወንድሜ በተዘጋው የባትሪ ፋብሪካ ሥር የሚያልፈውን ቦይ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ይጠርጋል፤ የጠረገውን ጭቃ የአትክልት መደቡ ላይ ያለብሰዋል። ጎመኑ ጃንጥላ ያህላል። ከአጥሩ ወዲህ ያለው የእኔ ጎመን የሕፃን መዳፍ አያክልም። ሚስቴ እርሱ የሰጣትን ጎመን በከተፈች ቁጥር ቢላዋው እኔ ላይ የሚያርፍ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ እርሱ በሌለበት ስጽፈው መደበቅ አይገባኝም፤ እቀናበት ነበር።

ልጄ እጅ ነስታ ነገሩን ጀመረች። እኔ የሰጠኋትን የቦዩን ጭቃ መርምራዋለች፤ እርሳስ የተባለው ከባድ ብረት በብዛት አለበት። አፈሩም ጎመኑም ይይዘዋል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ደግሞ ትንንሾቹ የልጅ ልጆቹ ናቸው።

«ፋብሪካው ከተዘጋ ስምንት ዓመቱ» አለ ወንድሜ ጋሪውን አቁሞ። «ውሃው ጠርቶ ዓሣ ይዋኝበታል። አይታይሽም?»

«አጎቴ፣ ውሃውማ ጠርቷል። ብረቱ ግን ከውሃው ጋር አልሄደም። ታች ሰጥሞ ጭቃው ውስጥ ተቀምጧል። እርስዎ ደግሞ በአካፋ ያወጡታል።»

እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራው ጠንቃቃ ሰው ነው። ወንድሜ ፋብሪካው ሲሠራ ቦዩን ነክቶት አያውቅም፤ ውሃው እስኪጠራ ጠብቆ ነው የጀመረው።

እርሷን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። «ምቀኛ። ጎመንህ አልበቅል ቢል ልጅህን ላክህብኝ?»

ግማሹ እውነት ነበር። አብሬያት የመጣሁት ሲያፍር ለማየት ነው። ግን የልጅ ልጆቹ ትዝ አሉኝ።

«የመረመረችው ከእኔ መደብ የዛቅሁትን ነው» አልሁት። «አንተ ገበያ በወጣህ ቁጥር ከክምርህ በባልዲ ስወስድ ነበር።»

ልጄ ከቦዩ ያወጣሁት መስሏት ነበርና ዓይኗን ከእኔ አነሣች። ወንድሜ የጋሪውን እጀታ ለቀቀ።

«ታዲያ ለምን አልበቀለልህም?»

«ውሃ ማጠጣት ይሰለቸኛል።»

ሳቀ። «ምቀኛ የሰው አጥር ያፈርሳል እንጂ የራሱን መደብ አይነቅልም። ትነቅላለህ?»

«ነገ ጠዋት።»

ከዚያ በኋላ ልጄን እንደ ተማሪ እየጠየቀ አዳመጣት። ጭቃው ተመልሶ ቦዩ ውስጥ እንዳይደፋ፣ ተሸፍኖ በማዘጋጃ ቤት መኪና እንዲነሣ፣ አትክልቱም በንጹሕ አፈር በተሞላ ሣጥን እንዲተከል መከረችው። ልጆቹ ዛሬ ከዳኑ አእምሯቸው ለትምህርት ይከፈታል፤ አጥንታቸውም ይጠነክራል አለችው።

የታናሿ የልጅ ልጁ ደም ሲመረመር እርሳሱ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በዓመቱ ወረደ። ወንድሜ በሦስተኛው ዓመት፣ በጥር፣ በልብ ሕመም ዐረፈ። በንጹሕ አፈር የተከለው የመጨረሻው ጎመንም ከእኔው ይበልጥ ነበር።