ከውስጥ የተሰካው ቁልፍ

የሠፈሩ ሰው «ዘበኛዋ እትዬ» ብሎ ሲጠራቸው ስቀው አቤት ይሉ የነበሩት፣ ዛሬ በእንባ የምንሸኛቸው ታላቅ እህታችን፣ ከመጋዘን ጠባቂ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው ከቆለፉ በኋላ ተመልሰው በሩን ነቅነቅ ሳያደርጉ አይተኙም ነበርና፣ እህታችን ይህን ልማድ ከፊደል አስቀድመው ተማሩ።

ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ንጽሕና ክፍል ተቀጥረው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንሶላና ጋውን ሲተኩሱ ኖሩ። ከሆስፒታሉ ሾፌር ጋር ተዋደው ትዳር መሠረቱ፤ አንዲት ሴት ልጅም አፍርተው ከአንድ አፓርታማ አራተኛ ፎቅ ገቡ።

የበሩ ጣጣ የጀመረው ያኔ ነው። እንጨቱ በዝናብ ወራት እያበጠ ከመቃኑ ጋር ይጣበቃል፤ በትከሻ ካልገፉት አይቆለፍም፤ አንድ ጊዜም ቁልፉ እጃቸው ላይ ተሰብሮ ግማሹ እዚያው ቀረ። ጎረቤታቸው በጠራራ ፀሐይ በተዘረፈ ጊዜማ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞር አለ። ተጨማሪ መቀርቀሪያ አስገጠሙ፤ ሌባ ቁልፍ አስቀርጾ እንዳይገባም፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ቆልፎ ቁልፉን ከውስጥ እንደተሰካ እንዲተው አዘዙ። ባለቤታቸው፣ ሚስቴ ከእኔ ይልቅ በሩን ታምናለች እያሉ ቢቀልዱም ትእዛዙን አንድም ቀን አላፈረሱም።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ እህታችን ከሥራ ሲመለሱ ቁልፋቸው አልገባ አለ። ቢያንኳኩም ቢጣሩም መልስ ጠፋ፤ ጆሯቸውን ከበሩ ላይ ቢያስጠጉ ባለቤታቸው ሲያቃስቱ ሰሙ። ጎረቤት ቁልፍ ሠሪ ፍለጋ ሲሮጥ፣ ቁልፍ ሠሪውም መጥቶ በመሰርሰሪያ ሲታገል፣ እርሳቸው አፋቸውን ከበሩ ስንጥቅ ላይ አድርገው አለሁ፣ አለሁ ይሉ ነበር። በሩ ሲከፈት ማቃሰቱ ቆሟል።

ከዚያን ቀን ወዲህ በራቸውን ቆልፈው አያውቁም። ፍርሃቱ ግን አልለቀቃቸውም፤ ይልቁንም ባሰ። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰሙ ቁጥር ልባቸው ድው ድው እያለ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ኮቴው በራቸውን እስኪያልፍ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጡ ነበር። ቁልፍ ሠሪው፣ ቁልፉ ከውስጥ ቢሰካም ከውጭ የሚከፈት ዓይነት እንዳለ ቢያስረዳቸው፣ ልጃቸው እግራቸው ላይ ወድቃ ብትለምናቸው፣ እምቢ አሉ። ሌባ ይግባ፣ ልጄ ግን ውጭ አትቅር የሚል ነበር መልሳቸው።

የልብ ሕመማቸው ጸንቶ ከአልጋ መነሣት ባቃታቸው ማለዳ፣ ስልክ ደውላ ያልመለሱላት ልጃቸው እየበረረች መጣች። በሩን በመዳፏ ገፋ ብታደርገው ተከፈተ። እናቷን በሕይወት አገኘቻቸው፤ መምጣቷንም በዓይናቸው አይተው፣ ራሳቸውን በክንዷ እንደደገፈች ዐረፉ።

እህታችን አንዲት ልጃቸውን፣ አማቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል። አምላክ ከዚያ በር ወዲያ ሳይደርሱላቸው ከቀሩት ባለቤታቸው ጋር ያገናኝልን፤ ኮቴ በማያስደነግጥበት ስፍራም ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። አሜን።