የረግረጉ ወፎችና የበርሜሉ ውሃ

እኔ ጠብ አልወድም፤ ጠብ ግን እኔን ይወደኛል። የዚያን ዕለት ጠዋት መድኃኒት ቤቴን ልከፍት ስሄድ መታጠፊያው ላይ ከጎረቤቴ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ዕድሜያቸውን በቧንቧ ሥራ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው፤ ሰፈሩ «ጋሽ መፍቻ» ይላቸዋል። ትልቁን መፍቻ ተሸክመው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳይመልሱ ሊያልፉኝ ነበር።

«ወዴት ነው በማለዳ?» አልኳቸው።

«የረግረጉን በር ልከፍት! ያ ውሃ ዛሬ ካልፈሰሰ እኔ ሰው አይደለሁም። የልጅ ልጄ አራት ቀን ሙሉ በትኩሳት እየነደደች እናንተ ወፍ ትቆጥራላችሁ!»

ረግረጉ ቀድሞ የጡብ ፋብሪካ አፈር የሚያወጣበት ጉድጓድ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ የቆሻሻ መጣያችን አደረግነው። ከአምስት ዓመት በፊት የትምህርት ቤታችን የሳይንስ መምህርት ተማሪና ወላጅ አስተባብራ ቆሻሻውን አስወጣች፣ ሸምበቆና ደንገል አስተከለች፣ ውሃውንም በብረት በር አገደችው። መጀመሪያ ሦስት ዓይነት ወፍ መጣ፤ አሁን ሠላሳ አንድ ደርሷል። ሰፈሩም ለምስጋናው «ወፍ ቆጣሪዋ» ብሎ ስም አወጣላት። ያ በር ከተከፈተ የአምስት ዓመት ልፋት በግማሽ ቀን ውሃ ይበላዋል። ስለዚህ ሱቄን ትቼ ተከተልኳቸው።

መምህርቷ ደብተሯን ይዛ ከበሩ አጠገብ ነበረች። መፍቻውን ስታይ ነገሩ ገባትና በሩን ከልላ ቆመች።

«አባባ፣ እንደምን አደሩ?»

«ምን ማደር አለ! ዞር በይ ልጄ።»

«አልዞርም። ጊዜው የጫጩት ነው። የይብራው፣ የሳቢሳው፣ የዓሣ አጥማጁ ጎጆ ሁሉ ሞልቷል። ውሃው ከሄደ ውሻና ድመት ይጨርሳቸዋል።»

«ጫጩት? የእኔ ጫጩት አልጋ ላይ ናት!»

እውነቱን ልናገርና፣ በዚህ ቃል ልቤ ወደ እሳቸው አደላ። ልጅ የታመመችበትን ሰው ስለ ወፍ ቢያወሩት መች ይሰማል?

መምህርቷም ደነገጠች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሐኪሙ ምን አለ?» ብላ ጠየቀች።

«የደንጊ ትኩሳት ነው፣ ቢምቢ ናት ያመጣችው አለ። ቢምቢ ደግሞ ከዚህ ካልመጣች ከየት ትመጣለች?»

«ይህን በሽታ የምታመጣው ቀን የምትናከሰው ናት፣ አባባ። እሷ የምትወልደው በበርሜል፣ በጎማ፣ በባልዲ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው።»

«ንጹሕ ውሃ ቢምቢ አይወልድም! አርባ ዓመት ቧንቧ የዘረጋሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» ብለው መፍቻውን ከትከሻቸው አወረዱ።

ትዕግሥቴ አለቀ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል» አልኩ፤ «ውሃውን ራሱን እንጠይቀው። ከዚህም ከቤትዎም ቀድተን እንይ። የቢምቢ እጭ፣ ያ ትል የሚመስለው ልጇ፣ እዚህ ከሞላ በሩን አብሬዎት እከፍታለሁ።»

መምህርቷ በቁጣ ገላመጠችኝ። ቢሆንም ነጭ ጎድጓዳ ሳህኗን አቀበለቻቸውና «እርስዎ ከመረጡት ቦታ ይቅዱ» አለች።

ሽማግሌው የረጋውን፣ የጠቆረውን እየመረጡ ስድስት ጊዜ ቀዱ። የውሃ ጢንዚዛና ጥቃቅን ዓሣ እንጂ ሌላ አልነበረም። በሰባተኛው አንዲት እጭ ስትወራጭ ታየች።

«ይኸው!» ብለው ጮኹ። 

መምህርቷ «ትንሽ ይጠብቁ» አለች። ወዲያው ከውሃው ጋር ሳህኑ ውስጥ የገባች ጣት የማታክል ዓሣ መጥታ እጯን ላጥ አደረገቻት።

«ወፍ የምቆጥረው ለጨዋታ አይደለም፣ አባባ» አለች። «ወፉ የሚመጣው ዓሣውና ጢንዚዛው ስላለ ነው። ወፉ ከቀነሰ ውሃው ታሟል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ እኔ ራሴ ቀድሜ እጮሃለሁ።»

ሽማግሌው መፍቻቸውን አነሡ። ወደ ቤታቸውም መሩን።

ውሃ የሚያጠራቅሙበት በርሜል የልጅቷ መኝታ ክፍል መስኮት ሥር ነበር፤ በዝናብ ውሃ እስከ አፉ ሞልቷል፣ እንደ መስታወት ጠርቷል። መምህርቷ አንድ ጊዜ ቀዳች። ሳህኑ ውስጥ እጩ ይተራመስ ነበር፤ መቁጠር እንኳ አይቻልም።

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደገፉ። «ለእሷ ብዬ ነው ያጠራቀምኩት» አሉ። «የቧንቧው ውሃ ሲጠፋ በቀዝቃዛ እንዳትታጠብ፣ ፀሐይ እንዲያሞቅላት ብዬ።» ልጃቸው፣ የሕፃኗ እናት፣ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ወደ እሷ ዞረው «ልጄ፣ ያሳመምኳት እኔ ነኝ» አሉና በርሜሉን በሁለት እጃቸው ገለበጡት። እሷም እያለቀሰች አቀፈቻቸው።

ልጅቷ በስምንተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ዳቦ አምጡ ብላ ቤቱን አወከችው። ረግረጉም ጫጩቶቹን አሳደገ፤ ወፉ ሠላሳ ሦስት ዓይነት ደረሰ። አንባቢ ሆይ፣ ማጠራቀሚያን መክደን፣ አሮጌ ጎማን ማንሳት፣ ባልዲን በየሳምንቱ ደፍቶ መፈተግ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ስንት ቤት ከለቅሶ እንደሚያድን ግን እኔ መድኃኒት ሻጩ አውቃለሁ።

በወሩ የሰፈር ስብሰባ ላይ አንዱ ተነስቶ «ረግረጉ ይድረቅልን!» ሲል፣ ጋሽ መፍቻ ከሁሉ ቀድመው ተነሡ።

«እኔም እንዳንተ ጥፋተኛ ፍለጋ ረግረግ ወርጄ ነበር» አሉ። «ጥፋተኛው በገዛ እጄ የሞላሁት በርሜል ሆኖ አገኘሁት። የእኔዋ ተረፈች። የአንተ ልጅ የምትተኛው የት ነው? መስኮቷ ሥርስ ምን አለ?»

ሰውዬው ኮፍያውን አንስቶ እየሮጠ ወደ ቤቱ ሄደ።